ሚዛን፣ ልምምድና የራስ ቁር፦ በጎማ ላይ የመቆም ሳይንስ

መግቢያ

በአሶሳ ከተማ ገበያ አካባቢ ጥቂት ደቂቃ ቆሞ መንገዱን የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ሞተር ብስክሌት እየነዳ የሚያልፈው ወጣት አንዳንድ ጊዜ የራስ ቁር ይዟል፤ ቁሩ ግን ያለው ከራሱ ላይ ሳይሆን ከክንዱ ወይም ከመሪው ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ለምን እንዳላጠለቀው ቢጠየቅ ከሦስት መልሶች አንዱን ይሰጣል፦ «ሩቅ አልሄድም»፣ «ይሞቃል» ወይም «መንዳት እችላለሁ»።

ከእነዚህ መልሶች ውስጥ በጥንቃቄ ሊመረመር የሚገባው ሦስተኛው ነው። ሐሰት አይደለምና። ወጣቱ በእርግጥ መንዳት ይችላል፤ ምናልባትም በጣም ጎበዝ ነጂ ነው። ጥያቄው ችሎታው ከምን ሊያድነው እንደሚችልና ከምን ሊያድነው እንደማይችል ነው። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን በፊዚክስና በሥነ አካል ዕውቀት ለመመለስ ይሞክራል። ከሁለት ጎማ ይነሣል፤ ወደ አንድ ጎማ ይሻገራል፤ በመጨረሻም በመንገድና በራስ ቅል መካከል ባለው ጥቂት ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል።

ሽመል በመዳፍ ላይ

ሚዛን መጠበቅ ምን እንደሆነ ለመረዳት ከሁሉ የሚቀለው መንገድ በአሶሳ ዙሪያ በብዛት የሚበቅለውን የቆላ ቀርከሃ፣ ማለትም ሽመልን፣ መጠቀም ነው። አንባቢው አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ቀጥ ያለ ሽመል በመዳፉ ላይ አቁሞ ሚዛኑን ለመጠበቅ ይሞክር። ጥቂት ከተለማመደ በኋላ ይሳካለታል። ከዚያም 15 ሳንቲ ሜትር በሚሆን እርሳስ ተመሳሳዩን ይሞክር። ይህ ፈጽሞ አይሳካለትም።

ለምን? ሁለቱም የተገለበጡ ፔንዱለሞች ናቸው። ትንሽ ዘንበል ሲሉ ክብደታቸው ይበልጥ ወደ ጎን ይጎትታቸዋል፤ ይበልጥ በዘነበሉ ቁጥርም ውድቀታቸው ይፈጥናል። ይህ የሚፈጽምበት ጊዜ ከርዝመቱ ስኩዌር ሩት ጋር ይመጣጠናል። በ1.5 ሜትሩ ሽመል ላይ የዘንበልታው መጠን ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ለማደግ 0.3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በእርሳሱ ላይ ግን 0.1 ሰከንድ ብቻ ይበቃዋል። የሰው ዐይን አይቶ፣ አንጎል ወስኖ፣ እጅ እስኪታዘዝ ደግሞ 0.2 ሰከንድ ገደማ ያልፋል። እንግዲህ ሽመሉ ለሰው ልጅ ዐይንና እጅ ጊዜ ይሰጣቸዋል፤ እርሳሱ አይሰጣቸውም።

ከዚህ ቀላል ሙከራ የምናገኘው ትምህርት ለጽሑፉ ሁሉ መሠረት ነው። ሚዛን የጊዜ ጉዳይ ነው። ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው ስሕተቱን ለማረም የሚያስፈልገው ጊዜ ስሕተቱ ከሚያድግበት ጊዜ እስካልበለጠ ድረስ ብቻ ነው። በብስክሌት ወይም በሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው የክብደት ማዕከል ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል፣ ጉዳዩ ወደ ሽመሉ እንጂ ወደ እርሳሱ የቀረበ አይደለም። ብስክሌት መማር የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ብስክሌት ስለምን አይወድቅም?

ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት የተነገረን ብስክሌት የማይወድቀው የሚሽከረከሩት ጎማዎች እንደ እንዝርት አቅጣጫቸውን ስለሚጠብቁ ነው የሚል ነበር። ይህ ማብራሪያ ከፊል እውነት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ዴቪድ ጆንስ የተባለ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት የጎማውን የመሽከርከር ውጤት የሚያጠፋ፣ በተቃራኒው የሚዞር ተጨማሪ ጎማ በብስክሌት ላይ ገጠመ። ብስክሌቱ ግን ያለ ብዙ ችግር ተነዳ። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ የኔዘርላንድስና የአሜሪካ ተመራማሪዎች የጎማ መሽከርከር ውጤትም ሆነ የፊት ሹካ ወደ ኋላ የመጎተት ውጤት የሌለው ብስክሌት ሠርተው፣ ያለ ነጂ ሲገፋ ለጥቂት ጊዜ ራሱን ችሎ ሲሄድ አሳዩ።

ዋናው ምክንያት አንድ ነው። ብስክሌቱ ወደ ቀኝ ሲዘነብል መሪው ወደ ቀኝ መዞር አለበት። ይህ ሲሆን ጎማዎቹ ወደ ወደቀው ክብደት ሥር ይገባሉ፤ ሚዛኑም ይመለሳል። ሽመሉን የያዘው መዳፍ ሽመሉ ወደ ዘነበለበት አቅጣጫ እንደሚንቀሳቀስ ማለት ነው። ጀማሪ የሚወድቀው በፍርሃት ይህንኑ በመገልበጡ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲዘነብል መሪውን ወደ ግራ ይነቀንቃል።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ አስገራሚ ሐቅ አለ። በፍጥነት የሚሄድ ሞተር ብስክሌት ወደ ቀኝ እንዲታጠፍ በመጀመሪያ መሪው ለቅጽበት ወደ ግራ መገፋት ይኖርበታል። ይህ ጎማውን ከክብደቱ ሥር ወደ ግራ ያወጣዋል፤ ሞተሩም ወደ ቀኝ ይዘነብላል፤ ከዚያ በኋላ መታጠፉ ይከተላል። ልምድ ያለው ነጂ ይህን ሁልጊዜ ያደርገዋል፤ ማድረጉን ግን አያውቀውም። ዕውቀቱ ያለው ከቃል በታች፣ በጡንቻና በነርቭ ውስጥ ነው። ይህ አለማወቅ በድንገተኛ አደጋ ጊዜ ዋጋ ያስከፍላል። በፊቱ በድንገት ፍየል ወይም ሕፃን ያገኘ ነጂ ደንግጦ መሪውን ሊሸሽበት ወደሚፈልገው አቅጣጫ በኃይል ቢገፋ፣ ሞተሩ ወዳልፈለገው ወገን ሊዘነብልበት ይችላል።

አንድ ጎማ ብቻ ሲሆን

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መገኛ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም በጉባ የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠለት ይህ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። የማመንጨት አቅሙም ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የሚነገረው በዝቷል። በባትሪ የሚሠሩ ሞተር ብስክሌቶችም በአዲስ አበባ ጎዳናዎች መታየት ጀምረዋል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሞተር ጠባይን ማወቅ ለአሶሳ ወጣት የሩቅ አገር ወሬ አይደለም።

ይህን ጠባይ ከሁሉ በላይ አጉልቶ የሚያሳየን በአገራችን እምብዛም የማይታየው ባለ አንድ ጎማ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ነው። አሜሪካዊው ዲን ኬመን እ.ኤ.አ. በ2001 ሴግዌይ የተባለውን፣ ጎን ለጎን በተተከሉ ሁለት ጎማዎች ራሱን የሚያቆም መጓጓዣ ለሕዝብ አቀረበ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2011፣ ሼን ቼን የተባለ የፈጠራ ሰው ሶሎዊል የሚባለውን ባለ አንድ ጎማ መሣሪያ ለገበያ አዋለ። ነጂው በጎማው ግራና ቀኝ በተዘረጉ መርገጫዎች ላይ ይቆማል። መሪም መቀመጫም የለውም።

አሠራሩ የሽመሉን ሙከራ በቀጥታ ይከተላል። በውስጡ ያሉ ጥቃቅን የመሽከርከርና የፍጥነት ለውጥ መለኪያዎች ተሽከርካሪው ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ምን ያህል እንደዘነበለ በሰከንድ ውስጥ ብዙ መቶ ጊዜ ይለካሉ። ነጂው ወደ ፊት ሲዘነብል ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት አፍጥኖ ከክብደቱ ሥር ያስገባዋል፤ ወደ ኋላ ሲዘነብል ደግሞ ያዘገየዋል። እዚህ ላይ ሞተሩ መዳፉ ነው፤ ነጂው ሽመሉ ነው። የግራና የቀኝ ሚዛን ግን በመሣሪያው አይጠበቅም፤ እንደ ብስክሌት ሁሉ ወደሚወድቁበት ወገን በመታጠፍ የሚጠበቅ የነጂው ሥራ ነው።

የዚህ መሣሪያ ትልቁ ትምህርት ያለው በወሰኑ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሲነሣ የመጠምዘዝ ኃይሉ ከፍተኛ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር ግን ሞተሩ ራሱ እንደ ጄኔሬተር የባትሪውን ግፊት የሚቃወም ቮልቴጅ ስለሚፈጥር፣ የሚቀረው የመጠምዘዝ ኃይል እየቀነሰ ይሄዳል። ባትሪው ሲደክም ደግሞ ይህ ወሰን ይበልጥ ዝቅ ይላል። ነጂው በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሳለ ይበልጥ ቢዘነብል ወይም ጎማው ጉድጓድ ቢመታ፣ ሞተሩ ጎማውን ከክብደቱ ሥር ለማስገባት የሚበቃ ተጨማሪ ኃይል አይኖረውም። ያን ጊዜ ነጂው ያለ ምንም ድጋፍ ወደ ፊት ይወድቃል። የነጂው ጉብዝና በዚህ ቅጽበት ምንም አይፈይድም፤ ያለቀው የሞተሩ ኃይል ነውና። ጥሩ መሣሪያዎች ወሰኑ ሲቃረብ በድምፅ ያስጠነቅቃሉ፤ መርገጫውንም ወደ ኋላ በማዘንበል ነጂው እንዲዘገይ ያስገድዱታል። ማስጠንቀቂያውን ንቆ መገስገስ የመጠባበቂያ ኃይልን እስከ መጨረሻው ጠብታ መጨረስ ነው።

ይህ መጠባበቂያ የሚለው ሐሳብ ለሁሉም ጎማ ይሠራል። በሁለት ጎማ ላይ ያለው መጠባበቂያ ጎማው በመንገዱ ላይ ያለው ሰበቃ ነው። ሰበቃው ለመታጠፍም፣ ለመቆምም፣ ሚዛን ለመጠበቅም በጋራ ያገለግላል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የጠየቀ ነጂ አንዱን ያጣል።

ክህሎት እንዴት ይገነባል?

ሚዛን የሚጠበቀው በሦስት መረጃ ሰጪዎች ኅብረት ነው፤ እነርሱም ዐይን፣ በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ሦስቱ ግማሽ ክብ ቱቦዎች፣ እንዲሁም በጡንቻና በመገጣጠሚያ ውስጥ ያሉ ስሜት ተቀባዮች ናቸው። ከአንጎል በስተጀርባ ከታች የሚገኘው ትንሹ አንጎል (ሴሬብለም) ይህን መረጃ እያነጻጸረ እንቅስቃሴን ያርማል። ልምምድ ማለት ይህ ክፍል በስሕተቱ እየተማረ ከዘንበልታው አስቀድሞ መገመት እንዲችል ማድረግ ነው። ልምድ ያለው ነጂ ከጀማሪው የሚበልጠው የነርቩ ፍጥነት ስለሚበልጥ አይደለም፤ የሚመጣውን ቀድሞ ስለሚያውቅ ነው።

ከዚህ በመነሣት ለአዲስ ክህሎት ተማሪ የሚከተሉት ነጥቦች ይጠቅማሉ።

አንደኛ፣ ክህሎቱን መከፋፈል። ብስክሌት የሚማር ሰው መቀመጫውን ዝቅ አድርጎ፣ ፔዳሉን ሳይረግጥ፣ በእግሩ መሬቱን እየገፋ ሚዛንን ብቻ ቢለማመድ ፈጥኖ ይማራል። ባለ አንድ ጎማውን የሚማርም በመጀመሪያ ግድግዳ ወይም የጓደኛ ትከሻ ይዞ አንድ እግሩን ብቻ በመርገጫው ላይ ያሳርፋል። በማንኛውም ተሽከርካሪ ላይ መቆምንና መውረድን መማር ከመፍጠን መቅደም አለበት።

ሁለተኛ፣ አጭርና ተደጋጋሚ ልምምድ። በአንድ ቀን አራት ሰዓት ከመድከም ይልቅ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መለማመድ የተሻለ ውጤት ይሰጣል። የእንቅስቃሴ ትምህርት በእንቅልፍ ጊዜ በአንጎል ውስጥ እየረጋ ይሄዳልና። ትናንት ያቃተን ዛሬ ጠዋት ቀሎ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። የደከመ ሰው ደግሞ የሚለማመደው ስሕተቱን ነው።

ሦስተኛ፣ ዐይንን ወደ ፊት መጣል። ጀማሪ የፊት ጎማውን ያያል። ነገር ግን ሰውነት ዐይን ወደ ተተከለበት አቅጣጫ ይሳባል፤ ጉድጓዱን ትኩር ብሎ የሚያይ ነጂ ብዙ ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። መታየት ያለበት ሊሄዱበት የሚፈልጉት መንገድ ነው።

አራተኛ፣ አደጋው ሳይመጣ የአደጋውን እንቅስቃሴ መለማመድ። ተሽከርካሪ በማያልፍበት ደረቅና ሜዳ ቦታ ላይ በ20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ጀምሮ የፊትና የኋላ ፍሬንን በአንድነት፣ ቀስ በቀስ እያጠበቁ መያዝን መደጋገም ያስፈልጋል። ሲቆሙ ክብደት ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። በጠጠር ላይ ግን የፊት ጎማ በድንገት ከተቆለፈ ውድቀቱ ፈጣን ነው።

አምስተኛ፣ ሙሉ መከላከያ ለብሶ መለማመድ። ጓንት ያጠለቀ ጣት ፍሬኑን የሚሰማው በሌላ መንገድ ነው። ቁር ያጠለቀ ራስም ጎኑን ለማየት ይበልጥ መዞር አለበት። ያለ መከላከያ የተማረ ሰው በኋላ መከላከያ ሲለብስ ባዕድ ይሆንበታል፤ ከመጀመሪያው ከነመከላከያው የተማረ ግን የአካሉ ክፍል ያደርገዋል።

የክህሎት ወሰን

ክህሎት ያድናል፤ ዳሩ ግን ወሰን አለው። የመጀመሪያው ወሰን መንገዱ ነው። በአሶሳ ዝናቡ ከግንቦት አንሥቶ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። አስፋልቱ ይረጥባል፤ ጠጠሩ ይላላል፤ ቀዩ አፈር ወደ ጭቃ ይለወጣል። አንድ ነጂ አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል ብለን፣ የሰበቃ መጠኑን ለደረቅ አስፋልት 0.7፣ ለእርጥብ አስፋልት 0.4፣ ለልል ጠጠር 0.3 ብለን እናስላ።

በ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ ነጂ ለመቆም በደረቅ አስፋልት 13 ሜትር፣ በእርጥብ አስፋልት 17 ሜትር፣ በልል ጠጠር 20 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። በ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ከሆነ ደግሞ በቅደም ተከተል 37፣ 52 እና 64 ሜትር ገደማ ይሆናል። የእንቅስቃሴ ጉልበት ከፍጥነት ስኩዌር ጋር ስለሚመጣጠን፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚኬደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ስሌት ማንም ጎበዝ ሊሽረው አይችልም። ጎበዙ ማድረግ የሚችለው አስቀድሞ መዘግየት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ወሰን የበለጠ ስውር ነው። ክህሎት ድፍረትን ይወልዳል። በኖርዌይ አዳዲስ አሽከርካሪዎች በሚያንሸራትት መንገድ ላይ መንዳትን እንዲሠለጥኑ ግዴታ ተጥሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ግን ሥልጠናው በወጣት ወንዶች ዘንድ በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ የሚደርሰውን አደጋ ከመቀነስ ይልቅ ጨምሮት ተገኘ። ወጣቶቹ ያገኙትን አዲስ ችሎታ ለጥንቃቄ ሳይሆን ለፍጥነት አዋሉት። ስለዚህ ልምምድ የሚጠቅመው መጠባበቂያችንን ሲያሰፋልን ነው፤ ያሰፋልንን ወዲያው በፍጥነት ከበላነው ወደ ነበርንበት እንመለሳለን።

ሦስተኛው ወሰን ሌላው መንገደኛ ነው። ከጎን በድንገት የሚወጣ ባጃጅ የእኛን ልምምድ አይጠይቅም።

የመጨረሻዎቹ ሺህኛ ሰከንዶች

አሁን ክህሎት ሳይበቃ ቀርቶ ነጂው ወደቀ እንበል። ራሱ ከመሬት 1.6 ሜትር ከፍ ብሎ ከነበረ፣ በነፃ ሲወድቅ መሬት ለመንካት 0.6 ሰከንድ ገደማ ይወስድበታል። መሬት ሲነካ ወደ ታች ያለው ፍጥነት 5.6 ሜትር በሰከንድ፣ ማለትም 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያህል ነው። ይህ አኃዝ ነጂው ሩቅ ይሂድ አይሂድ፣ ይፍጠን ይዘግይ፣ አይለወጥም፤ የሚወስነው ከፍታው ነውና። «ሩቅ አልሄድም» ለሚለው መልስ የፊዚክስ ምላሽ ይህ ነው። ወደ ገበያ የሚሄድና ወደ ባምባሲ የሚሄድ ነጂ የሚወድቁት ከአንድ ከፍታ ነው።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ይህ ፍጥነት በምን ያህል ርቀት ውስጥ ወደ ዜሮ ይወርዳል የሚል ነው። ባዶ ራስ ከአስፋልት ጋር ሲገናኝ የሚገኘው የመቆሚያ ርቀት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 5 ሚሊ ሜትር ብንል፣ አማካይ የፍጥነት ለውጡ የመሬት ስበት ከሚሰጠው 320 እጥፍ ይሆናል። ድርጊቱም ከሺህ ሰከንድ በሁለቱ ውስጥ ይጠናቀቃል። በራስ ቁር ውስጥ ያለው ስፖንጅ መሰል ፎም ተጨፍልቆ 25 ሚሊ ሜትር የመቆሚያ ርቀት ከሰጠ ግን የፍጥነት ለውጡ ወደ 64 እጥፍ ይወርዳል፤ ጊዜውም ወደ ሺህኛ ሰከንድ ዘጠኝ ያህል ይረዝማል። አምስት እጥፍ ርቀት አምስት እጥፍ ያነሰ ኃይል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሽመሉ እንመለስ። ሽመሉ 0.3 ሰከንድ ሲሰጠን ማረም ቻልን። እርሳሱ 0.1 ሰከንድ ሲሰጠን አቃተን። ግጭቱ የሚሰጠን ከ0.01 ሰከንድ ያነሰ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የትኛውም ነርቭ አይደርስም፤ የትኛውም ጉብዝና ሥራውን አይጀምርም። በዚያ ቅጽበት ሊሠራ የሚችለው አስቀድሞ በቦታው የተገኘ ነገር ብቻ ነው። «መንዳት እችላለሁ» የሚለው መልስ የሚጎድለው ይህን ነው። ክህሎት የሚሠራው ሚዛን ሳይጠፋ በፊት ነው፤ የራስ ቁር የሚሠራው ሚዛን ከጠፋ በኋላ ነው። አንዱ በሌላው ቦታ ተተክቶ ሊሠራ አይችልም።

ከአንድ ሞት የተወለደ ጥናት

የራስ ቁር ሳይንስ የሰው ሕይወት ዋጋ ተከፍሎበታል። ቶማስ ኤድዋርድ ሎውረንስ የተባለው ታዋቂ እንግሊዛዊ መኮንንና ጸሐፊ ለብዙ ዓመታት ሞተር ብስክሌት የነዳ፣ ልምድ ያለው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 ከመንገድ ዳር ሁለት ብስክሌተኛ ልጆችን ለማዳን ሲታጠፍ ወደቀ፤ የራስ ቁር አላደረገም ነበር። ከስድስት ቀን በኋላም በራስ ጉዳት ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ የነበረው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሂዩ ኬርንስ በጉዳዩ ላይ ምርምር ማካሄድ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1941 ያሳተመው ጽሑፍ የራስ ቁር የመልእክተኛ ወታደሮችን ሞት እንደሚቀንስ አመለከተ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሠራዊት በሥራ ላይ ያሉ ሞተረኞቹ ቁር እንዲያጠልቁ አስገደደ። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ በአሜሪካ የሚጨፈለቅ ፎም ያለው ዘመናዊ ቁር የፈጠራ መብት ተሰጠው።

ዛሬ ማስረጃው ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ 61 ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ የራስ ቁር የሞተር ብስክሌት ነጂዎችን የሞት አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ እንደሚቀንስ ደምድሟል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በመላው ዓለም 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ሰዎች በመንገድ አደጋ እንደሞቱ ገምቷል፤ ከእነዚህም 30 በመቶ የሚሆኑት የሞተር ብስክሌትና የባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ተጠቃሚዎች ናቸው። በአገራችንም በ2003 ዓ.ም የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 የሞተር ብስክሌት ነጂ የራስ ቁር እንዲያደርግ አዝዞ ነበር።

ለአሶሳ ነዋሪ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከባድ የራስ ጉዳት የደረሰበት ሰው ለከፍተኛ ሕክምና ወደ ሩቅ መሄድ ቢያስፈልገው፣ እያንዳንዱ ሰዓት ከአንጎሉ ላይ የሚቀነስ ነው። ሕክምናው ሩቅ በሆነበት ቦታ መከላከያው ቅርብ ሊሆን ይገባል።

መከላከያን መምረጥና መልበስ

የራስ ቁር ራስን በሁሉም ወገን እኩል መያዝ አለበት። ቁሩን አጥልቀው ራስዎን ሲነቀንቁ ቁሩ ብቻውን የሚዞር ከሆነ ሰፍቷል ማለት ነው። የአገጭ ማሰሪያው ሁልጊዜ መታሰር አለበት፤ በማሰሪያውና በአገጭ መካከል ከሁለት ጣት በላይ መግባት የለበትም። ያልታሰረ ቁር በመጀመሪያው ምት ይወልቃል። በሥሩ ወፍራም ኮፍያ መደረብም መጠኑን ያዛባል።

አንድ ጊዜ ከባድ ግጭት ያገኘው ቁር ውጫዊ ቅርፊቱ ደህና ቢመስልም ይወገድ። ፎሙ ሥራውን የሚሠራው በመጨፍለቅ ነውና፤ የተጨፈለቀ ፎም ሁለተኛ ምት አይቀበልም። በዚህ ምክንያት ታሪኩ የማይታወቅ ያገለገለ ቁር መግዛት አይመከርም። ቁርን በቤንዚን ማጠብ ፎሙን ያሟሟዋል። ለግንባታ ሠራተኞች የተሠራ ቆብ ደግሞ ከላይ ለሚወርድ ዕቃ እንጂ ከመንገድ ጋር ለሚደረግ ግጭት አልተሠራም።

«ይሞቃል» የሚለው ቅሬታ እውነት ነው፤ በአሶሳ የበጋ ፀሐይም ይበልጥ እውነት ነው። መፍትሔው ግን ቁሩን ክንድ ላይ ማንጠልጠል አይደለም። ነጣ ያለ ቀለም ያለውና የአየር መግቢያ ያለው ቁር መምረጥ፣ የሚታጠበውን የውስጥ ጨርቅ በየጊዜው ማጠብና ቁሩን በጥላ ሥር ማስቀመጥ ሙቀቱን ያቀልላል።

ከራስ በተጨማሪ እጅም ይጎዳል። ሰው ሲወድቅ እጁን በደመ ነፍስ ስለሚዘረጋ መዳፉ ይላጣል፤ የእጁ አንጓም ይሰበራል። ባለ አንድ ጎማ ነጂዎች ጠንካራ የአንጓ መከላከያና የጉልበት መከላከያ የሚያደርጉት ወደ ፊት መውደቅ የተለመደ ስለሆነባቸው ነው። ለሞተረኛ ወፍራም ጓንት፣ ረጅም ጠንካራ ሱሪ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ወፍራም ጃኬትና ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ጫማ ይበጃል። በነጠላ ጫማ መንዳት ጣትን ለድንጋይ መስጠት ነው። ከኋላ የሚፈናጠጥ ሰውም፣ ልጅም ቢሆን፣ ለራሱ የሚሆን ቁር ያስፈልገዋል፤ ራሱ የሚገኘው በዚያው ከፍታ ላይ ነውና።

አደጋ በደረሰ ጊዜ የተጎጂውን ቁር በችኮላ መጎተት አይገባም፤ አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። መተንፈስ ካልከለከለው በቀር፣ የሠለጠነ ባለሙያ እስኪደርስ ድረስ ራሱንና አንገቱን ሳያንቀሳቅሱ መጠበቅ ይሻላል።

ማጠቃለያ

በጎማ ላይ ያለ ሰው በሦስት ጊዜያት መካከል ይኖራል። የመጀመሪያው ዘንበልታ የሚያድግበት የሰከንድ ሲሶ ነው፤ በዚህ ውስጥ ልምምድ ንጉሥ ነው። ሁለተኛው ከግማሽ ሰከንድ ጥቂት የሚበልጠው የውድቀት ጊዜ ነው፤ በዚህ ውስጥ ሰው እጁን ከመዘርጋት የበለጠ የሚያደርገው ጥቂት ነው። ሦስተኛው የግጭቱ ሺህኛ ሰከንዶች ናቸው፤ በእነዚህ ውስጥ የሚናገረው በራስና በመንገድ መካከል ያለው 25 ሚሊ ሜትር ፎም ብቻ ነው። በክንድ ላይ የተንጠለጠለ ቁር በሦስተኛው ጊዜ የሚጠብቀው ክንድን ነው። ጎበዝ ነጂ ማለት እንግዲህ ለሦስቱም ጊዜያት አስቀድሞ የተዘጋጀ ሰው ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በ45 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ ሞተረኛ፣ የአንድ ሰከንድ የመወሰኛ ጊዜ ቢኖረው፣ በደረቅ አስፋልትና በልል ጠጠር ላይ ለመቆም ስንት ሜትር ያስፈልገዋል? በጽሑፉ የተሰጡትን የሰበቃ መጠኖች ተጠቀሙ።

2. ረጅም ሽመል ከአጭር እርሳስ ይልቅ በመዳፍ ላይ ለማቆም ለምን ይቀላል? ቁጭ ብሎ ከሚነዳ ሰውና ቆሞ ከሚነዳ ሰው በዚህ ረገድ ለማረም የበለጠ ጊዜ የሚያገኘው የትኛው ነው?

3. ባትሪው ሊያልቅ የተቃረበ ባለ አንድ ጎማ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ በሙሉ ፍጥነት ሽቅብ መንዳት ለምን አደገኛ ይሆናል?

4. አንድ እንቁላል ጠንካራ ወለል ላይ፣ ሌላውን ደግሞ በጥጥ በተሞላ ሣጥን ውስጥ ከአንድ ከፍታ ጣሉ። ውጤቱን የመቆሚያ ርቀት በሚለው ሐሳብ አብራሩ።